ሙቀትና እርጥበት በአልትራሳውንድ መሣሪያ ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ፦ ተገልጋዮች ሊያውቁት የሚገባ መረጃ

በቦሌ ሚካኤልና በአካባቢው የምትኖር ነፍሰ ጡር እናት በሐምሌ ወር ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ተቋም ስትሄድ፣ «መሣሪያው አሁን ከሌላ ቦታ ስለገባ ጥቂት ይጠብቁ» ወይም «ፕሮቡ ለምርመራ ስለተወሰደ በሌላ ቀን ይመለሱ» የሚል ምላሽ ልታገኝ ትችላለች። እንዲህ ያለው ምላሽ ለብዙ ተገልጋዮች ሰበብ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ለሙቀት ለውጥና ለእርጥበት ተጋላጭ የሆነ ክፍል ያለው በመሆኑ፣ ባለሙያው አንዳንድ ጊዜ መጠበቅን የሚመርጠው ምርመራው ትክክለኛና አደጋ የሌለበት እንዲሆን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ፣ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር እርግዝናዋ 24 ሳምንት ሳይሞላው አንድ ጊዜ የአልትራሳውንድ ምርመራ እንድታደርግ ይመክራል። ምርመራው የእርግዝናውን ዕድሜ ለመገመት፣ መንታ መኖሩን ለመለየትና የፅንስ ችግሮችን በወቅቱ ለማየት ያግዛል። ጊዜው ካለፈ የእርግዝናውን ዕድሜ በትክክል መገመት ይበልጥ አስቸጋሪ ይሆናል። ስለሆነም የአንድ መሣሪያ መበላሸት ለአንዲት እናት መልሳ የማታገኘውን ጊዜ ሊያሳጣት ይችላል።

የመሣሪያው ልብ ምንድን ነው?

በእናቲቱ ሆድ ላይ የሚያርፈው የመሣሪያው ክፍል ፕሮብ ይባላል። በፕሮቡ ፊት፣ ከስስ ሽፋን ሥር፣ ፒዞኤሌክትሪክ ሴራሚክ የተባለ ቁስ በጥቃቅን ቁራጮች ተከፋፍሎ ተደርድሯል። በብዙ ፕሮቦች የቁራጮቹ ብዛት 128 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ለእርግዝና ምርመራ በሚያገለግሉት ላይ የእያንዳንዱ ውፍረት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም።

የፒዞኤሌክትሪክ ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1880 በፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች በዣክ ኩሪና በፒየር ኩሪ የተገኘ ነው። እነዚህ ተመራማሪዎች እንደ ኳርትዝ ያሉ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኑ በገጻቸው ላይ የኤሌክትሪክ ሙል እንደሚፈጠር አረጋገጡ። በቀጣዩ ዓመት ጋብሪኤል ሊፕማን የዚህ ተቃራኒ መኖር እንዳለበት በስሌት አመለከተ፤ ኩሪዎቹም ቁሱ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ቅርጹን በጥቂቱ እንደሚለውጥ በሙከራ አሳዩ። ዛሬ በስፋት በሥራ ላይ የሚውለው ሊድ ዚርኮኔት ቲታኔት የተባለው ሴራሚክ ደግሞ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተገኘ ነው።

የአልትራሳውንድ ፕሮብ በሁለቱም ጠባዮች ይጠቀማል። መሣሪያው አጭር የኤሌክትሪክ ምት ሲልክ ሴራሚኩ በሰከንድ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ጊዜ ይርገበገብና የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሰውነት ይልካል። ድምፁ ከፅንሱና ከሌሎች አካላት ነጥሮ ሲመለስ ያው ሴራሚክ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ከዚያ ምስሉ ይሠራል። በመላክ ጊዜ ሴራሚኩ አንቀሳቃሽ ወይም አክቹዌተር፣ በመቀበል ጊዜ ደግሞ አድማጭ ነው ማለት ይቻላል።

ሴራሚኩ ይህን ጠባይ የሚያገኘው ተፈጭቶና በእሳት ተጠብሶ ከተሠራ በኋላ በፋብሪካ በከፍተኛ ቮልቴጅ ሲገራ ነው። በዚህ ጊዜ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ቀጠናዎች በተቀራራቢ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። የፕሮቡ አቅም በሙሉ የተመሠረተው በዚህ አሰላለፍ ላይ ነው።

ሙቀት የሚያደርሰው ጉዳት

ሙቀት ሲጨምር አሰላለፉ እየላላ ይሄዳል። እያንዳንዱ የሴራሚክ ዓይነት የኩሪ ሙቀት የሚባል ወሰን አለው። ከዚህ ወሰን ካለፈ አሰላለፉ ሙሉ በሙሉ ይፈርሳል፤ ቁሱ ሲቀዘቅዝም ጠባዩ በራሱ አይመለስም። ወሰኑ እንደ ዓይነቱ ይለያያል፤ በአንዳንዶቹ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን፣ በፕሮብ ውስጥ ተመራጭ ከሆኑት አንዱ ግን 190 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በመሐንዲሶች ዘንድ የተለመደው የጥንቃቄ ደንብ ቁሱን ከወሰኑ ግማሽ በላይ አለማሞቅ ነው። በአዳዲስ ፕሮቦች የሚገኙት ነጠላ ክሪስታል ቁሶች ደግሞ ከ100 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት ጭምር ጠባያቸው ሊለወጥ ይችላል።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው የአዲስ አበባ አየር ብቻውን ሴራሚኩን በሙቀት ሊጎዳው እንደማይችል ነው። የከተማዋ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ነው። በዓለም ላይ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ዓመታዊ አማካይ የተመዘገበበት የአፋሩ ዳሎል እንኳ ልኬቱ 34.6 ዲግሪ ነው። አደጋው ያለው በአያያዝ ላይ ነው።

ዋነኛው ምሳሌ አውቶክሌቭ ነው። ይህ የሕክምና ቁሳቁስ ማምከኛ በ121 ወይም በ134 ዲግሪ እንፋሎት የሚሠራ በመሆኑ፣ ከላይ የተጠቀሰውን የጥንቃቄ ወሰን ያልፋል። በተጨማሪም በሴራሚኩ፣ በፊቱ ሽፋንና በጀርባው መካከል ያለውን ማጣበቂያ ያላቅቃል። ስለዚህ አምራቹ በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀር የአልትራሳውንድ ፕሮብ በአውቶክሌቭ አይመከንም፤ የሚጸዳውና ከጀርም ነጻ የሚደረገው አምራቹ ባመለከተው ኬሚካል ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በየዕለቱ የሚያጋጥም ነው። በአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ማለዳ ፕሮቡ ሆድ ላይ ሲያርፍ ስለሚያስደነግጥ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ አጠገብ ወይም በሙቅ ውኃ ማሞቅ ደግነት መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የአንድ ወገን ድንገተኛ መሞቅ የማጣበቂያውን መላቀቅና የሽፋኑን መሰንጠቅ ያፋጥናል። ፕሮቡ በሥራ ላይ እያለ ራሱም ይሞቃል፤ በዚህ ምክንያት ዓለም አቀፉ የደኅንነት ደረጃ ከታካሚ ቆዳ ጋር የሚገናኘው ገጽ ከ43 ዲግሪ እንዳያልፍ ወስኗል። የሚሞቅ ነገር ካስፈለገ በአግባቡ የተያዘው ጄል እንጂ ፕሮቡ አይደለም።

እርጥበት የሚያደርሰው ጉዳት

የሙቀት ጉዳት ወሰኑ ሲታለፍ በአጭር ጊዜ ይደርሳል። የእርጥበት ጉዳት ግን በተለመደው የአየር ሁኔታ፣ ቀስ በቀስና ሳይታይ ይሠራል። በሴራሚኩ ሁለት ገጾች ላይ ኤሌክሪክ የሚያደርሱ ስስ የብረት ንጣፎች አሉ። በአንዳንድ መሣሪያዎች ንጣፉ ብር ከተባለው ማዕድን የተሠራ ነው። የውኃ ተን እንደ ፕላስቲክና ሙጫ ያሉ ሽፋኖችን በጊዜ ብዛት ዘልቆ ያልፋል። ተኑ በንጣፎቹ መካከል ከተከማቸና ቮልቴጁ ሳይቋረጥ ከቆየ፣ የብሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከአንዱ ወገን ተነሥተው ወደ ሌላው ይጓዛሉ፤ ቀስ በቀስም እንደ ሥር እየተዘረጉ ድልድይ ይሠራሉ። ሾልኮ የሚያልፈው ጅረት ይጨምራል፣ ቦታው ይሞቃል፣ በመጨረሻም ሁለቱ ንጣፎች ይገናኙና ቁራጩ ከጥቅም ውጪ ይሆናል።

ይህ ዓይነቱ ብልሽት በብዛት የሚታየው የማያቋርጥ ቮልቴጅ ተሰጥቷቸው አንድን ነገር በጥንቃቄ በሚይዙ የፒዞኤሌክትሪክ አንቀሳቃሾች ላይ ነው። ስለዚህ ለእነዚህ መሣሪያዎች የሚሰጠው ምክር ሥራ በሌለበት ጊዜ ቮልቴጁን ማንሣት፣ እርጥበት በሚበዛበት ቦታም በሙጫ ፈንታ በሴራሚክ የተሸፈነውን ዓይነት መምረጥ ነው። የአልትራሳውንድ ፕሮብ የሚሠራው በአጫጭር ምቶች በመሆኑ በዚህ መንገድ የመጎዳት ዕድሉ ያነሰ ነው። የፕሮቡ ዋነኛ ችግር ስንጥቅ ነው። የወደቀ ወይም የተጋጨ ፕሮብ በፊቱ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ቢኖርበት፣ ጄልና የማጽጃ ፈሳሽ ወደ ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ጊዜ ምስሉ ከመበላሸቱ በላይ ኤሌክትሪክ ወደ ታካሚዋ የሚሾልክበት መንገድ ሊከፈት ይችላል። ስንጥቅ የታየበት ፕሮብ «እስኪጠገን በጥንቃቄ» ሊሠራበት የማይገባውም ስለዚህ ነው።

የክረምት ጤዛና የመጠበቅ ምክንያት

የአብዛኞቹ የአልትራሳውንድ መሣሪያዎች መመሪያ መሣሪያው ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ባለ ሙቀት፣ ጤዛ በማይፈጥር እርጥበት ውስጥ እንዲሠራ ያዛል። «ጤዛ የማይፈጥር» የሚለው ቃል በአዲስ አበባ ክረምት ልዩ ትርጉም አለው። ሌሊቱን በቀዝቃዛ መጋዘን ወይም በመኪና ውስጥ አድሮ 10 ዲግሪ ገደማ የደረሰ መሣሪያ፣ ማለዳ ታካሚዎች ወደሞሉበት 24 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ወዳለው ክፍል ቢገባ፣ የክፍሉ አየር ከ16 ዲግሪ በታች በሆነ ማንኛውም ገጽ ላይ ውኃ ያንጠባጥባል። ይህም የብርድ መጠጥ ጠርሙስ ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ላብ እንደሚያወጣው ማለት ነው። ልዩነቱ በመሣሪያው ላይ ጤዛው የሚያርፈው በውስጥ ባሉት የኤሌክትሪክ ክፍሎችና በፕሮቡ መሰኪያ ላይ ጭምር መሆኑ ነው።

በዚህ ሁኔታ መሣሪያው ወዲያው ቢበራ ሊቃጠል ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መሣሪያው ሳይበራ የክፍሉን ሙቀት እስኪለምድ ድረስ ይቆያል። የሚያስፈልገው ጊዜ እንደ መሣሪያው መጠንና እንደ ሙቀቱ ልዩነት ቢለያይም ብዙ ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ለዚህ ነው ከሌላ ክፍል ወይም ከሌላ ተቋም የመጣ መሣሪያ እንደደረሰ ሥራ የማይጀምረው።

ከፍታውም ሊታሰብበት ይገባል

የቦሌ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የሳሳ አየር ሙቀትን ከመሣሪያው ለማራቅም ሆነ ከፍተኛ ቮልቴጅን ለመከለል ያለው አቅም ያነሰ ነው። አንዳንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ዋስትናቸው እስከ 2,000 ሜትር ብቻ፣ ሌሎቹ እስከ 3,000 ሜትር ነው። መሣሪያ የሚገዛ ወይም የሚቀበል ተቋም ይህን ቁጥር አስቀድሞ ከመመሪያው ላይ ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ እርጥበትና የሳሳ አየር አንድ ላይ ሲሆኑ ጫናው ይደራረባልና።

በሌሎች መሣሪያዎች ላይ

ይኸው ሴራሚክ በጥርስ ማጽጃ መሣሪያ፣ መድኃኒትን ወደ ጉም በሚለውጡ አንዳንድ ኔቡላይዘሮች፣ በአንዳንድ የቀለም ማተሚያዎችና በአንዳንድ የናፍጣ ሞተሮች የነዳጅ መርጫ ውስጥ ይገኛል። ለትክክለኛ እንቅስቃሴ በሚያገለግሉት ላይ ሙቀት ሌላ ችግር ያስከትላል። 10 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የተደራረበ ሴራሚክ በሙሉ ቮልቴጅ የሚለጠጠው በአንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የተሸከመው 100 ሚሊ ሜትር የብረት ክፈፍ ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲለወጥ ከዚህ በጥቂቱ የሚበልጥ ርዝመት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በአዲስ አበባ በቀንና በሌሊት መካከል ይህን ያህል ልዩነት የተለመደ ነው። ስለዚህ ማለዳ የተስተካከለ ትክክለኛ መሣሪያ ከሰዓት በኋላ ቦታውን ስቶ ቢገኝ፣ ጥፋቱ የሴራሚኩ ሳይሆን የክፍሉ ሙቀት መዋዠቅ ሊሆን ይችላል።

የጤና ተቋማት ኃላፊነት

• መሣሪያው ያለበትን ክፍል ሙቀትና እርጥበት በመለኪያ መከታተልና መመዝገብ፤
• ፕሮቡን ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ በተፈቀደው ኬሚካል ማጽዳት፣ መሰኪያውን ግን ፈጽሞ ፈሳሽ ውስጥ አለመንከር፤
• ፕሮቡን በማስቀመጫው ላይ ማሳረፍ፣ ገመዱን አለመጠምዘዝ፣ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ አለመተው፤
• የፕሮቡን ፊት በየዕለቱ መመልከትና ጄል ሳይቀባ በአየር ላይ እያለ የሚታየውን ምስል ማየት። ከምስሉ አናት የሚጀምር ጥቁር ሰንጥር ከታየ አንዳንድ የሴራሚክ ቁራጮች ሥራ አቁመዋል ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ የባዮሜዲካል ባለሙያ እንዲመረምረው ማድረግ፤
• ያረጀ ፕሮብ በውስጡ ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ስላለው ከተራ ቆሻሻ ጋር አለመጣል።

ተገልጋዮች ማድረግ የሚገባቸው

• ለእርግዝና ክትትል በጊዜ መጀመርና የአልትራሳውንድ ቀጠሮን ወደ 24ኛው ሳምንት መጨረሻ አለመግፋት። ቀደም ብሎ የመጣ ተገልጋይ መሣሪያው ቢበላሽ እንኳ ሌላ ዕድል ይኖረዋል።
• መሣሪያው ከአገልግሎት ውጪ ከሆነ አገልግሎቱ መቼ እንደሚቀጥል መጠየቅ፤ ጊዜው የማይመች ከሆነ ወደ ሌላ ተቋም የሪፈር ወረቀት እንዲጻፍ መጠየቅ።
• ፕሮቡ ከመነካቱ በፊት መጽዳቱን መመልከትና ካልተጸዳ በአክብሮት ማሳሰብ።
• በምርመራው ጊዜ የሚያቃጥል ሙቀት ወይም የኤሌክትሪክ ንዝረት ከተሰማ ወዲያው ለባለሙያው መናገር። እንዲህ ያለው ስሜት የምርመራው አካል አይደለም።
• መሣሪያው የክፍሉን ሙቀት እስኪለምድ መጠበቅ ግድ ከሆነ፣ እንዲበራ ባለሙያውን አለመጫን።

ከውጭ አገር መሣሪያ ለሚለግሱ

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለትውልድ አካባቢያቸው ጤና ተቋም የአልትራሳውንድ መሣሪያ መለገስ የሚያስመሰግን ተግባር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በመሆኑ፣ ለጋሾች መሣሪያውን ከመላካቸው በፊት የሚያስፈልገውን ፈቃድ ከባለሥልጣኑ ማጣራት ይገባቸዋል። በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰ መሣሪያ ጉዞው ገና አያልቅም፤ የቀን ሙቀት 40 ዲግሪ ሊደርስ ወደሚችልባቸው እንደ ሰመራና ጋምቤላ ወዳሉ ቆላማ ከተሞች በመኪና ሊጓዝ ይችላል። በፀሐይ የተዘጋ ተሽከርካሪ ውስጠኛው ክፍል ደግሞ ብዙ መሣሪያዎች ለክምችት የተፈቀደላቸውን 60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ መሣሪያው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ገብቶበት በማይስብ ፕላስቲክ እንዲታሸግ፣ የአጠቃቀምና የጥገና መመሪያው አብሮት እንዲላክ፣ የሚሠራበት ከፍታና የክምችቱ ሙቀት ወሰን በካርቶኑ ላይ እንዲጻፍ ይመከራል። ከሁሉም በፊት ተቀባዩ ተቋም መሣሪያውን የሚፈልገውና ሊይዘው የሚችል መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። የተሰነጠቀ ፕሮብ ያለው መሣሪያ ልገሳ ሳይሆን ለተቀባዩ ሸክም ነው።

ማጠቃለያ

የአገራችን አየር ንብረት የፒዞኤሌክትሪክ ሴራሚክ ጠላት አይደለም። ሴራሚኩን የሚጎዳው ከልክ በላይ ማሞቅ፣ ጤዛ የያዘን መሣሪያ ማብራት፣ ስንጥቅን ችላ ማለትና በጥንቃቄ አለማጓጓዝ ነው። እነዚህ ሁሉ በሰው እጅ ያሉ ናቸው። ባለሙያው በጥንቃቄ ሲይዝ፣ ተገልጋዩም የመጠበቁን ምክንያት ሲረዳና መብቱን ሲጠይቅ፣ አንድ መሣሪያ ለብዙ ዓመታት ብዙ እናቶችን ያገለግላል።